ሙሉ ጨረቃ የሰውን ጠባይ ትለውጣለችን?

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተነበበ ንግግር



እንደዚህ ባለው የደስታ ቀን ስለ ትምህርት ጥቅም መናገር የተለመደ ነው። እኛ የዘንድሮ ተመራቂዎች ግን የትምህርትን ጥቅም በቃል ከምናወድስ ይልቅ አንድ ጥያቄ ይዘን በትምህርት መንገድ ብንመረምረው ይሻላል ብለን አሰብን። የመረጥነውም ጥያቄ በሻሸመኔ ሽማግሌውም ሕፃኑም የሚያውቀው ነው፤ ይኸውም፥ ጨረቃ ስትሞላ የሰው ጠባይና ስሜት በእርግጥ ይለወጣልን? የሚል ነው።

ጨረቃ ስትሞላ የአእምሮ ሕመምተኛ ይብስበታል፥ የሚጥል በሽታ ያለበት ይወድቃል፥ ጠብ ይበዛል፥ እንቅልፍ ይጠፋል ሲባል ሁላችንም ሰምተናል። ይህም አባባል የእኛ አገር ብቻ አይደለም። በአውሮፓና በአሜሪካ ታላላቅ ሆስፒታሎች የሚሠሩ ነርሶችና ሌሊት የሚዞሩ ፖሊሶች እንኳ ጨረቃ በሞላች ሌሊት ሥራ ይበዛብናል የሚሉ ብዙ ናቸው። ታዲያ ብዙ ሰው የተናገረው ሁሉ እውነት ነው እንበልን? ወይስ የድሮ ሰው ወሬ ነው ብለን እንናቀው? ሁለቱም ለተማሪ የሚገባ መንገድ አይደለም። የተማሪ ፈንታ መመርመር ነው። ነገሩም ተራ ጨዋታ እንዳይመስላችሁ እንለምናለን፤ በዚህ ጥያቄ መልስ ምክንያት የሚድን ወይም የሚጎዳ ሰው እንዳለ ወደ ንግግራችን መጨረሻ እናሳያለን።

አሳቡ እጅግ ያረጀ ነው። በላቲን ቋንቋ ጨረቃ «ሉና» ትባላለች፤ እንግሊዞች ያበደውን ሰው «ሉናቲክ» ያሉት ከዚሁ ቃል አውጥተው ነው። ይህ ቃል በአሜሪካ መንግሥት ሕግ ውስጥ ተጽፎ ይኖር ነበር፤ እንዲወጣ የተወሰነውም በቅርቡ በ2012 ነው። በዚህ ንግግር የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን። በማቴዎስ ወንጌልም በምዕራፍ 4ና በምዕራፍ 17 ሕመማቸው ከጨረቃ ጋራ ይነሣል የተባሉ ሰዎች ተጠቅሰዋል፤ የግሪኩ ቃልም «ሴሌኔ» ከሚለው የጨረቃ ስም የወጣ ነው። በምዕራፍ 17 የተነገረለት ልጅ ብዙ ጊዜ በእሳትና በውሃ ላይ ይወድቅ እንደ ነበረ ስናነብ፥ ዛሬ የሚጥል በሽታ የምንለውን ወዲያው እናስታውሳለን። ወንጌሉ የሚተርከው የልጁን መዳን ነው፤ የበሽታው ስም ግን በዚያ ዘመን ከጨረቃ የተወሰደ ነበረ።

በአገራችንም ጨረቃ ትልቅ ስፍራ ነበራት። ንጉሥ ኢዛና ክርስትናን ከመቀበሉ በፊት በአክሱም ገንዘብ ላይ የጨረቃ ምልክት ይታተም ነበር፤ ኋላ ግን መስቀል ተተካበት። በግእዝ «ወርኅ» ማለት ጨረቃም ወርም ነው፤ በኦሮምኛም «ጂአ» የሚለው ቃል ሁለቱንም ይጠራል። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት አበቅቴንና መጥቅዕን አውጥተው ፋሲካ የሚውልበትን ቀን የሚያገኙት በ19 ዓመት የሚዞረውን የጨረቃ ሒሳብ ተከትለው ነው። እስላም ወንድሞቻችን ረመዳን መግባቱን በአዲስ ጨረቃ ይጠባበቃሉ፤ በየወሩም በ13፥ በ14ና በ15፥ ማለት ጨረቃ በምትሞላበት ሰሞን፥ በፈቃዳቸው የሚጾሙ አሉ። ጎረቤቶቻችን የሲዳማ ሰዎች የፍቼ ጨምበላላን ቀን የሚያውጁት «አያንቶ» የሚባሉት አዋቂዎቻቸው ሰማይን ተመልክተው ሲነግሯቸው ነው፤ ይህም በዓል በ2015 በዩኔስኮ መዝገብ ገብቷል። በሞያሌ መንገድ ወደ ደቡብ ርቀን ስንሄድ ደግሞ የቦረና ሊቃውንት 12 የጨረቃ ወራትና 27 የቀን ስሞች ያሉት አቈጣጠር አላቸው። ወሩ 29 ወይም 30 ቀን ስለ ሆነ የቀኖቹ ስም ከወር ወደ ወር እየዞረ ይሄዳል፤ እያንዳንዱም ቀን የራሱ «አያና» አለው ተብሎ ስለሚታመን የትኛው ቀን ለየትኛው ሥራ እንደሚበጅ ከዚሁ ይታያል።

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው አባቶቻችን ጨረቃን ከእኛ ይልቅ በጥንቃቄ ይመለከቷት እንደ ነበረ ነው። ነገር ግን ጨረቃ ቀን ታስቈጥራለች ማለትና ጨረቃ ጠባይ ትለውጣለች ማለት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው በመቍጠር ተረጋግጧል። ሁለተኛውም እንደዚሁ በመቍጠር መረጋገጥ አለበት።

አንዳንድ ሰዎች ከመቍጠር በፊት ምክንያቱን ለማስረዳት ይቸኩላሉ። በማያሚ ከተማ የነበረ አርኖልድ ሊበር የተባለ የአእምሮ ሐኪም በ1978 ባወጣው መጽሐፍ፥ ጨረቃ የባሕርን ውሃ ከፍና ዝቅ እንደምታደርግ ሁሉ በሰው አካል ውስጥ ያለውንም ውሃ ስለምታናውጥ ጠባይ ይለወጣል የሚል አሳብ አቀረበ። ነገሩ ሲሰሙት ያምራል፤ ስንመረምረው ግን አይጸናም። ጨረቃ ከምድር 384,400 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ባሕር የሚነሣው ለጨረቃ የቀረበው የምድር ጎን ከራቀው ጎን ይልቅ ስለሚሳብ ነው፤ በሁለቱ ጎኖች መካከል ያለው ርቀትም ከ12,700 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። የሰው ቁመት ግን ሁለት ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ስለዚህ ከራሱ እስከ እግሩ ያለው የስበት ልዩነት ከምንም የሚቈጠር አይደለም። በሰሜን አሜሪካ ያለው የሱፒሪየር ሐይቅ ከእኛ ሐዋሳ ሐይቅ ብዙ መቶ እጥፍ ይሰፋል፤ ጨረቃና ፀሐይ ተባብረው የሚያነሡት ውሃው ግን 5 ሳንቲ ሜትር አይሞላም። ይህን ያህል ሰፊ ሐይቅ በዚህ ብቻ ከተነሣ በአንድ ሰው አካል ውስጥ ያለው ውሃ ምን ያህል ይነሣል?

ከዚህም በላይ አንድ ማስረጃ አለ። የባሕር ውሃ እጅግ ከፍ የሚለው ጨረቃ ስትሞላ ብቻ አይደለም፤ ጨረቃ ጠፍታ አዲስ በምትወለድበትም ጊዜ እኩል ከፍ ይላል። እንግዲህ ሰውን የሚያናውጠው ስበት ቢሆን ኖሮ ድቅድቅ ጨለማ በሆነው ሌሊትም እኩል ማወክ ነበረበት። ይህን ግን የተናገረ ሰው አልሰማንም።

አሁን ወደ ቍጥሩ እንለፍ። በ1985 ሮተንና ኬሊ የተባሉ ሁለት የሥነ ልቡና ሊቃውንት ስለ ጨረቃና ስለ ሰው ጠባይ የተደረጉ 37 ጥናቶችን ሰብስበው በአንድነት መረመሩ። ወደ አእምሮ ሆስፒታል የገቡት፥ ወንጀል የሠሩት፥ ራሳቸውን የገደሉትና ሌሎችም ተቈጠሩ። ውጤቱም ከሰው ጠባይ መለዋወጥ ውስጥ በጨረቃ ሊመካኝ የሚችለው ከዐሥር ሺህ አንድ እጅ አይበልጥም የሚል ሆነ። ደግሞ በ2000 አንድ የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ሁለት ጥናቶችን በአንድ ዕትም አወጣ። በእንግሊዝ አገር ከብራድፎርድ ከተማ የመጣው ጥናት ጨረቃ ስትሞላ የእንስሳ ንክሻ ይበዛል አለ፤ ከአውስትራሊያ የመጣው ግን የውሻ ንክሻ ከጨረቃ ጋራ ምንም ግንኙነት የለውም አለ። ከዚህ የምንማረው፥ አንድ ጥናት ብቻውን እውነት አያጸናም፤ ምስክር እንደሚበዛ ሁሉ ጥናትም መደገም አለበት።

ታዲያ ሰው ለምን ያምነዋል? ምክንያቱ የመርሳታችን ጠባይ ነው። አራት ዓይነት ሌሊት አለ እንበል። አንደኛው፥ ጨረቃ ሞልታ ጠብ የተነሣበት፤ ሁለተኛው፥ ጨረቃ ሞልታ ሰላም ያደረበት፤ ሦስተኛው፥ ጨረቃ ሳትሞላ ጠብ የተነሣበት፤ አራተኛው፥ ጨረቃም ሳትሞላ ጠብም ሳይነሣ ያደረበት ነው። የሰው አእምሮ የሚይዘው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ሦስቱን ይረሳቸዋል። ከዚህም ሌላ ሙሉ የምንላት ጨረቃ የአንድ ሌሊት ብቻ አይደለችም፤ ዐይናችን ከሦስት እስከ አራት ሌሊት ያለችውን ሁሉ ሙሉ ናት ይላል። ከ29 ሌሊት 4ቱን ሙሉ ካልናቸው፥ ከየሰባቱ ጠብ አንዱ ያህል ያለ ማንም ኀይል እንዲሁ በአጋጣሚ በእነዚያ ሌሊቶች ላይ ይወድቃል። የገበያ ቀን፥ የደመወዝ ቀን ወይም የሠርግ ሰሞን የገጠመበት እንደ ሆነማ ጠቡ የመጣው ከጠጁ ሲሆን ስሙ ለጨረቃ ይሰጣል።

እስከዚህ ድረስ የሰማ ሰው፥ እንግዲያውስ ጨረቃ ምንም አታደርግም ማለታችሁ ነው ይለን ይሆናል። አይደለም። ጨረቃ አንድ እርግጠኛ ነገር ትሰጣለች፤ እርሱም ብርሃን ነው። የሙሉ ጨረቃ ብርሃን ከፀሐይ ብርሃን 400,000 ጊዜ ያህል ያንሳል፤ ቢሆንም ከግማሽ ጨረቃ ብርሃን ዐሥር እጥፍ ያህል ይበልጣል። ኤሌክትሪክ ባልገባበት በገጠራችን ይህ ትልቅ ሀብት ነው። ልጆች ኩኩሉ የሚጫወቱት፥ ሽማግሌዎች በደጅ ተቀምጠው የሚጨዋወቱት፥ ወጣቶች ሂቦና እንቆቅልሽ የሚጠያየቁት፥ መንገደኛም ያለ ፋኖስ የሚሄደው በጨረቃ ነው። በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም ጄምስ ዋትና ጓደኞቹ የነበሩበት የሊቃውንት ማኅበር ከ200 ዓመት በፊት ስብሰባውን በሙሉ ጨረቃ ሰሞን ያደርግ ነበር፤ ምክንያቱም አባሎቹ ማታ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ መንገዱ እንዲታያቸው ብቻ ነው። ስማቸውም የጨረቃ ማኅበር ነበረ።

የዚህ ብርሃን ሰዓት መታወቅ አለበት። ጨረቃ በሞላችበት ዕለት ፀሐይ ስትጠልቅ፥ ወደ 12 ሰዓት ገደማ፥ ትወጣለች። ከዚያ በኋላ በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል እየዘገየች ስለምትወጣ፥ ከሞላች በሦስተኛው ቀን እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ድረስ ጨለማ ነው። ከመሙላቷ በፊት ባሉት ቀኖች ግን ፀሐይ ስትጠልቅ እርሷ ከሰማይ ላይ ትገኛለች፤ ስለዚህ ምሽቱ በሙሉ ብሩህ ነው። በ2021 የታተመ አንድ ጥናት በአርጀንቲና የሚኖሩትን የቶባ ሕዝብ እንቅልፍ በእጅ ላይ በሚታሰር መሣሪያ ለካ። ከእነርሱም ኤሌክትሪክ ያላቸውም የሌላቸውም ነበሩ። ሰዎቹ እጅግ ያመሹትና ጥቂት የተኙት ጨረቃ በሞላችበት ሌሊት ሳይሆን ከመሙላቷ ከሦስት እስከ አምስት ቀን በፊት ባሉት ሌሊቶች ሆኖ ተገኘ። ኤሌክትሪክ በሞላበት በሲያትል ከተማ በሚኖሩ ተማሪዎችም የሚመስል ነገር ስለ ታየ፥ ምክንያቱ ብርሃን ብቻ ነው ወይስ ሌላም አለ የሚለው ገና ያከራክራል። በስዊስ አገር በባዝል ከተማ 33 ሰዎች መስኮት በሌለው ክፍል ተኝተው ሲመረመሩ፥ በሙሉ ጨረቃ ሰሞን 20 ደቂቃ ያህል አንሰው መተኛታቸው በ2013 ተጻፈ፤ በሚቀጥለው ዓመት ግን ሌሎች ብዙ ሰዎችን መርምረው ይህን አላገኙም። ሳይንስ እንዲህ እየተራረመ ይሄዳል።

በታላቁ ስምጥ ሸለቆ ላይ አብራን ያለችው ታንዛኒያ ደግሞ ሌላ ትምህርት ትሰጠናለች። ከ1988 እስከ 2009 በዚያ አገር አንበሳ ሰውን ያጠቃባቸው ቀኖች ተሰብስበው ሲታዩ፥ አደጋው የበዛው ጨረቃ ከሞላች በኋላ ባሉት ቀኖች ነው። ምክንያቱም ሰው ገና ሳይተኛ በደጅ በሚመላለስበት በመጀመሪያው የሌሊት ሰዓት ጨረቃ ስላልወጣች፥ በብርሃኑ ወራት የተራበው አንበሳ ጨለማውን ተገን አድርጎ ስለሚያድን ነው። እንግዲህ አባቶቻችን ሙሉ ጨረቃን አይተው ልባቸው ቢሸበር፥ ከጨረቃይቱ ሳይሆን ከኋላዋ ከሚመጣው ጨለማ የተነሣ ሊሆን ይችላል። የጅብ ድምፅ በሚሰማበት መንደር ያደገ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል።

ስለዚህ የደረስንበት አሳብ በአጭሩ ይህ ነው፤ ጨረቃ ታስመሻለች እንጂ አታሳብድም። ማምሸት ግን ቀላል ነገር አይደለም። እንቅልፍ ያጣ ሰው በማግስቱ ቍጡና ቅብጥብጥ ይሆናል። አንዳንድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች እንቅልፍ ሲጎድላቸው ሕመማቸው ይቀሰቀሳል፤ የሚጥል በሽታ ያለበትም እንቅልፍ ካጣ ይወድቃል። በ2018 ቶማስ ዌር የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም፥ ስሜታቸው ቶሎ ቶሎ ከደስታ ወደ ኀዘን በሚገለባበጥ 17 ሕመምተኞች ላይ የሕመሙ ዙር ከጨረቃ ዙር ጋራ ሲገጥም ማየቱን ጽፏል። አሥራ ሰባት ሰው ስለ ሰው ልጅ ሁሉ አይመሰክርም፤ ነገር ግን በሩን ጨርሰን እንዳንዘጋው ያስጠነቅቀናል። ኤሌክትሪክ ባልነበረበት በጥንት ዘመን ብሩህ ሌሊት ብዙ ሰው ያስመሽ ስለ ነበረ፥ የድሮ ሰዎች አባባል ፈጽሞ ባዶ ላይሆን ይችላል። ያዩት ነገር እውነት ሆኖ ምክንያቱን ግን ለሌላ ሰጥተውት ይሆናል።

ለእኛ ለተማሪዎች ከዚህ የሚወጣ ምክር አለ። ዛሬ በየኪሳችን የማትጎድል ጨረቃ ይዘን እንዞራለን፤ እርሷም የእጅ ስልካችን ናት። የሰማይዋ ጨረቃ በወር ጥቂት ሌሊት ታስመሻለች፤ የኪሳችን ግን ወሩን ሙሉ። ፈተና ሲደርስ ጭንቅላታችን ቢከብድና ከጓደኞቻችን ጋራ በከንቱ ብንጣላ ወደ ሰማይ ከማንጋጠጥ በፊት ስንት ሰዓት እንደ ተኛን እንጠይቅ።

አሁን ከመጀመሪያ ወደ ገባነው ቃል እንመጣለን። ከእኛ ብዙም ሳይርቅ በቡታጅራ አካባቢ ከቤት ወደ ቤት እየተዞረ 60,820 ሰዎች ተመርምረው ነበር፤ ውጤቱም በ1990 ታተመ። ከየሺሁ ሰው 5 ያህሉ የሚጥል በሽታ ያለባቸው ሆነው ተገኙ፤ ተገቢውን መድኃኒት ያገኙት ግን እጅግ ጥቂቶች ነበሩ። ለምን? ብዙ ሰው በሽታውን የመንፈስ ነው፥ የጨረቃ ነው፥ በትንፋሽ ይተላለፋል እያለ ስለሚፈራው ነው። ከዚህ የተነሣ ሰው ምድጃ ላይ ወድቆ ሲቃጠል የሚያነሣው የሚያጣበት ጊዜ አለ። በሽታው ግን ከአንጎል የሚነሣ ነው፤ በትንፋሽም በለሃጭም አይተላለፍም። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚያስረዳው በተገቢው መንገድ ከታከሙት ውስጥ ከመቶ እስከ 70 የሚደርሱት ሳይወድቁ ሊኖሩ ይችላሉ። ፌኖባርቢታል የሚባለውም መድኃኒት ዋጋው ርካሽ ነው።

ስለዚህ ጨረቃ እስክትጎድል ይጠብቅ የሚባል ሕመምተኛ በመካከላችን አይኑር። የወደቀውን ሰው ከእሳትና ከውሃ አርቁት፤ ከራሱ ሥር ለስላሳ ነገር አድርጉለት፤ በጎኑ አስተኙት፤ በአፉ ምንም አታግቡ፤ በኀይል ጨብጣችሁ አትያዙት። ክብሪት ማሽተት አያድነውም። ሲነቃ አጽናኑትና ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። አምስት ደቂቃ ካለፈውና ካልተወው ግን መንቃቱን ሳትጠብቁ ወደ ሐኪም አድርሱት። የተወደዳችሁ ወላጆች ሆይ፥ በቤታችሁ እንዲህ ያለ ልጅ ቢኖር አትደብቁት፤ ወደ ትምህርት ቤትም ላኩት። እኛ አብረነው እንቀመጣለን።

ለታናናሾቻችንም አንድ ሥራ ትተን እንሄዳለን። በሚቀጥለው ዓመት አንድ ደብተር ይዘጋጅ፤ በየቀኑ የጨረቃ መጠን፥ የተኛችሁበት ሰዓትና የዋላችሁበት ስሜት ይጻፍበት። ሞልታ ሰላም ያደረበትም፥ ሳትሞላ ጠብ የተነሣበትም ሌሊት ሳይዘለል ይመዝገብ። ዓመቱ ሲያልቅ ቍጥሩ የእኛን አሳብ ቢያፈርሰው አትፍሩ፤ ቍጥሩን ጻፉት እንጂ እኛን አትምሰሉ። አባቶቻችን ጨረቃን ቈጥረው ዘመን አወረሱን፤ እኛም ቈጥረን እውቀት ብናወርስ ልጆቻቸው መሆናችን ይታወቃል።

ትምህርት ቤታችን ለብዙ ዘመን ይኑርልን!